መኪናዬ ነዳጅ መብላት አበዛ
የምነዳው ባለ 4 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ሁለት ተርቦ ያለው ቅንጡ ኤስዩቪ ነው። ክብደቱ ከ2 ቶን በላይ ስለሆነ ቆጣቢ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ግን ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ይበቃው የነበረው፣ ከሁለት ወር ወዲህ 19 ይፈልጋል። ዳሽቦርዱን አምኜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ፉል ሞልቼ፣ በኪሎ ሜትር አካፍዬ ነው ያወጣሁት። መንገዴም አነዳዴም ያው ነው።

ስምንቱን ካንዴላና የአየር ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ወጪው ኪስ ይጎዳል። የጎማ ንፋስም አስተካከልኩ። ለውጥ የለም። በኮምፒውተር ሲታይ ምንም የብልሽት ኮድ አላወጣም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ድሮ 90 ዲግሪ ላይ ቀጥ ይል የነበረው የሙቀት ጌጅ፣ አሁን ግማሽ ሰዓት ነድቼም 70ን አያልፍም። በግምት ሌላ ዕቃ መግዛት አልፈልግም። ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ክፍት ሆኖ መቅረቱ ብቻውን ይህን ያህል ነዳጅ ያስበላል ወይስ ኦክስጅን ሴንሰሩንም (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ላስፈትሽ?