«ቻርጅ» በሆስፒታል ቢል፣ በፍርድ ቤት ደብዳቤና በኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ፦ ትርጉሙን በምን ልለየው?

ጀማሪ_አስተርጓሚ

ጤና ይስጥልኝ። ለአስተርጓሚነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። «ቻርጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በየወረቀቱ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ስልክ ቻርጅ ማድረጉና ሬስቶራንት የምንከፍለው ሰርቪስ ቻርጅ ግልጽ ናቸው። «ፔንዲንግ ቻርጅ»፣ «ቻርጅ ኦፍ»፣ «ቻርጅ ነርስ»፣ «ዲስቻርጅ»፣ «ፐብሊክ ቻርጅ» ሲመጡ ግን መዝገበ ቃላቱ ትርጉም ይደረድራል እንጂ የትኛው የት እንደሚገባ አይነግርም። የሚያገናኛቸው ሥር አለ ወይ? በዐረፍተ ነገር ውስጥ ትርጉሙን የሚወስነውስ ምንድን ነው? እንደ «ፊ»፣ «ፕራይስ»፣ «አኪውዝ» ያሉት ተቀራራቢ ቃላትስ መቼ ይተኩታል?

ሥረ_ቃል

ሰላም እህቴ። ሥሩ ጭነት ነው። በላቲን «ካሩስ» ጋሪ ነው፤ ከእሱ ጋሪ ላይ መጫን የሚል ግስ ወጣ፤ ያ ግስ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። «ካር» እና «ካርጎ» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ይህን ከያዝሽ አብዛኛው ትርጉም ይገጥማል። ሰው ላይ ኃላፊነት ሲጫን «ኢን ቻርጅ» ነው፤ ወንጀል ሲጫንበት ክስ፤ ሂሳብ ሲጫንበት ክፍያ ይሆናል። ጠመንጃ ባሩድ ሲጎርስም ይኸው ቃል ነበር የሚያገለግለው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን እንደ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅም ዕቃ ተጠቀሙበት። የዛሬው የስልካችን ቻርጅ ከዚያ የመጣ ነው። ከሥሩ ራቅ የሚለው ተንደርድሮ ማጥቃት የሚለው ትርጉም ስለሆነ እሱን ለብቻው ያዢው።

በዐረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ምልክት ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው መስተዋድድ ነው፦

«ቻርጅ ፎር» ሲሆን ስለ አንድ ነገር ማስከፈል ነው። «ቻርጅ ቱ» በአንድ ሰው ሂሳብ ላይ ማስመዝገብ ነው፤ «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ ሩም» ያለ የሆቴል እንግዳ በክፍሌ ሂሳብ ላይ ያዙልኝ ማለቱ ነው። «ቻርጅ አት» ሲሆን በሬው ተንደርድሮ መጣበት።

«ቻርጅድ ዊዝ» ሁለት መንገድ አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የወንጀል ስም ከተከተለው («ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት») በስርቆት ተከሰሰ ነው። ሥራ ከተከተለው («ኤ ኮሚቲ ቻርጅድ ዊዝ ኢንቨስቲጌቲንግ ዘ አክሲደንት») ኮሚቴው አደጋውን እንዲመረምር ኃላፊነት ተሰጠው ነው። ኮሚቴውን ተከሳሽ አድርገው የተረጎሙ ጽሑፎች አሉ።

ሌላው ወጥመድ «ኢን ቻርጅ ኦቭ» እና «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ናቸው። በመጀመሪያው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ኃላፊ ነው። «ዘ» ስትገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለቤቱ በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ያለ ይሆናል። «ዘ ቻይልድ ዊዝ ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ ሂዝ አንት» ማለት ልጁ በአክስቱ አደራ ሥር ነበር።

ከገንዘብ ቃላት ጋር ስታነጻጽሪው «ፕራይስ» የዕቃ ዋጋ ነው፤ «ፊ» ለባለሙያ ወይም ለተቋም የሚከፈል፣ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነ ክፍያ፤ «ፌር» የትራንስፖርት፤ «ቶል» የመንገድና የድልድይ፤ «ፋይን» ቅጣት። «ቻርጅ» ከነዚህ ሁሉ ሰፊ ነው፤ በተለይ በዋናው ዋጋ ላይ ለሚታከል ይመቻል። ስለዚህ «ሌት ፊ» እና «ሌት ቻርጅ» ይተካካሉ፤ «ፋይን» ግን ጥፋት ስለሚጠይቅ በነሱ ቦታ አይገባም።

የችሎት_ሰው

በፍርድ ቤት በኩል ያለውን ልጨምር። ችግሩ ያለው ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛችን «ከሰሰ» ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ በሦስት ቃል የሚለየውን እኛ በአንዱ እንሸፍነዋለን። ጎረቤት «እሱ ነው የሰረቀኝ» ካለ «አኪውዝ» ነው፤ መስተዋድዱም «ኦቭ» እንጂ «ዊዝ» አይደለም። ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክስ ከመሠረተ «ቻርጅ» ነው። ሰው በገንዘብ ወይም በንብረት ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ችሎት ከሄደ «ሱ» ነው። ባለጉዳይ «ከሰሰኝ» ሲልሽ የትኛው እንደሆነ ሳታጣሪ «ቻርጅድ» ካልሽ የኪራይ ክርክር ወንጀል ሆኖ ይመዘገባል።

ቅደም ተከተሉን በአሜሪካ ሥርዓት እንዲህ ያዢው፦ መያዝ፣ ክስ መመሥረት («ቻርጅ»)፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ክሱን መስማትና የእምነት ክህደት ቃል መስጠት፣ ክርክር፣ ጥፋተኛ መባል («ኮንቪክሽን»)፣ ቅጣት። ቻርጅ የተደረገ ሰው ገና ምንም አልተፈረደበትም። ስለዚህ «ተፈረደበት» ወይም «ወንጀለኛ» ብሎ መተርጎም የባለጉዳዩን መብት መንካት ነው። «ክስ ተመሠረተበት» በቂና ትክክል ነው። በፌዴራል ደረጃ ለከባድ ወንጀል «ኢንዳይትመንት» የሚባለውን ትሰሚያለሽ፤ ያም ግራንድ ጁሪ (ማስረጃው ለክስ ይበቃ እንደሆነ የሚወስን የዜጎች ጉባኤ) አይቶ ያጸደቀው ክስ ነው።

መዝገቡ የተዘጋበትንም መንገድ ለይ፦ «ድሮፕድ» ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ትቶታል፤ «ዲስሚስድ» ከሆነ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘግቶታል፤ «አክዊትድ» ከሆነ ተከሳሹ ተከራክሮ ነጻ ወጥቷል። ሦስቱንም «ነጻ ተባለ» ማለት ስህተት ነው። «ካውንት» የሚለው ደግሞ በክስ ወረቀት ላይ ያለ አንድ ክስ ነው፤ አገር ቤት «1ኛ ክስ፣ 2ኛ ክስ» እንደሚባለው። አንድ ብርቅ አጠቃቀምም አለ፦ «ጁሪ ቻርጅ» ሲባል ዳኛው ለጁሪው አባላት ስለ ሕጉ የሚሰጠው መመሪያ ነው። ማንም ጁሪውን አልከሰሰም።

ሂሳብና_ጤና

በባንክ በኩል፦ ስልክሽ ላይ «ፔንዲንግ ቻርጅ» ካየሽ ነጋዴው ገንዘቡን አስይዞታል፣ ባንኩ ግን ገና አላጠናቀቀውም ማለት ነው። ነዳጅ ማደያና ሆቴል መጀመሪያ ከፍ ያለ መጠን አስይዘው በኋላ ትክክለኛውን ስለሚተኩ ሰው ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ይመስለዋል። በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ «ፔንዲንግ ቻርጅስ» ግን እልባት ያላገኘ የወንጀል ክስ ነው። «ፋይናንስ ቻርጅ» ብድር ያስከተለው ወጪ ነው፤ ወለድና ተያያዥ ክፍያዎችን ይይዛል።

«ቻርጅ ኦፍ»ን በጥንቃቄ ተርጉሚ። ብዙ ሰው ዕዳው የተሰረዘለት ይመስለዋል፤ አልተሰረዘም። አበዳሪው ዕዳውን በራሱ መዝገብ ከኪሳራ ቆጠረው ማለት ነው፤ ለክሬዲት ካርድ ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው 180 ቀን ሲያልፈው ነው። ተበዳሪው አሁንም ይጠየቃል፣ ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ሊሸጥ ይችላል፣ በክሬዲት ሪፖርት ላይም እስከ 7 ዓመት ይቆያል። «ባንኩ ከኪሳራ መዝግቦታል፣ ዕዳው ግን አለ» ብትይ አድማጭሽ አይሳሳትም።

በሆስፒታል፦ ኢንሹራንስ ከሚልከው ወረቀት ላይ «ቻርጅስ» የሚለው ዓምድ ሆስፒታሉ የጠየቀው ሙሉ ዋጋ ነው እንጂ ታካሚው የሚከፍለው አይደለም። ቅናሹና የኢንሹራንሱ ድርሻ ከተነሣ በኋላ የሚቀረውን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። «ቻርጅ ነርስ» ገንዘብ ተቀባይ አይደለችም፤ የፈረቃው ነርሶች ኃላፊ ናት። «ዲስቻርጅ» ከሆስፒታል መውጣት ነው፤ ስለ ቁስል ወይም ስለ ጆሮ ሲወራ ግን የሚወጣ ፈሳሽ ነው። «ኤኒ ዲስቻርጅ?» ብሎ ሐኪም ሲጠይቅ «ከሆስፒታል ወጥተው ያውቃሉ?» ብሎ መተርጎም ኢንፌክሽን ሳይታወቅ እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል።

ጀማሪ_አስተርጓሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፦ «ፐብሊክ ቻርጅ» እና «ዊዝአውት ቻርጅ»። ሁለተኛውን አንዴ ነጻ አገልግሎት፣ አንዴ ከእስር መፈታት ሆኖ አይቼዋለሁ።

ቅጽ_ሞዪ

«ፐብሊክ ቻርጅ» ላይ የድሮው ትርጉም፣ ሸክም የሚለው፣ እንዳለ ተቀምጧል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ አለ፤ ለኑሮው በዋናነት የመንግሥት ድጎማ ጠባቂ የሚሆን ሰው ማለት ነው። «የመንግሥት ክስ» ወይም «የሕዝብ ክፍያ» ብለው የተረጎሙት ቤተሰብን በከንቱ ያስደነግጣሉ። እኔ የምመርጠው «የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ» የሚለውን ነው። ቤተሰቡን የሚያስመጣ ሰው ቅጽ አይ-864 ሞልቶ፣ ብዙ ጊዜ በመንግሥት ከወጣው የድህነት መስፈርት ቢያንስ 125 በመቶ ገቢ እንዳለው የሚያሳየው ለዚህ ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው አይ-864 አይጠየቅም፤ ቆንስሉ ግን የሚረዳው እንዳለ ማስረጃ ሊጠይቀው ይችላል። በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡ ከዚህ መስፈርት ነጻ ናቸው።

የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ላይ ደግሞ መያዝ፣ መታሰርና ቻርጅ መደረግ ሁሉም ይጠየቃሉ። መዝገቡ ቢዘጋም ክስ ተመሥርቶ ከነበረ መልሱ «አዎ» ነው፤ የመዝገቡ መጨረሻ በፍርድ ቤት ወረቀት ይያያዛል። አመልካቹ «ኧረ ነጻ ወጥቻለሁ» ብሎ «አይደለም» ሊል ስለሚችል ጥያቄውን ሳታሳጥሪ ሙሉውን ተርጉሚለት፤ ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ከጠየቀሽ ግን ወደ ጠበቃ ምሪው።

«ዊዝአውት ቻርጅ» ላይ ግሱን ተመልከቺ። የሚሰጥ ነገር ከሆነ፣ ክትባት ወይም አስተርጓሚ፣ ያለ ክፍያ ነው፤ ለዚህ «ፍሪ ኦቭ ቻርጅ» የተለመደው ነው። «ሪሊስድ» ካለ ሰውየው ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ ማለት ነው። «ያለ ዋስ ተለቀቀ» እንዳትዪው፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ክሱ እያለ ዋስ ሳይጠራ መለቀቅ ነው። «ኖ ቻርጅስ ወር ፋይልድ» በብዙ ቁጥር ስለሆነና «ፋይልድ» ስላለበት አያሳስትም፤ ክስ አልቀረበም ነው።