የጀርመን መራጭ ነባሮቹን ለምን ተዋቸው? የጅማ ልጆች ክርክር

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ አጂፕ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ መሸብን። ያልነበራችሁም እንድትገቡበት እዚህ አምጥቼዋለሁ። ነገሩ ይህ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በጀርመን ምርጫ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ፓርቲ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። በነሱ አቆጣጠር 2025 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በነሱ እጽፋለሁ። ፓርቲው የተመሠረተው በ2013 ነው። ከ150 ዓመት በላይ የኖረው የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ ደግሞ በ16.4 በመቶ ሦስተኛ ሆነ። በ1972 እኮ 45.8 በመቶ ነበረው።

ሰው የሚያውቀውን ትቶ እንዲህ ወዳለ ሕዝበኛ፣ ማለትም «የሕዝቡ ድምፅ እኔ ብቻ ነኝ» ወደሚል ፓርቲ ለምን ይሄዳል? የኔን አቋም አልደብቅም። ሰዎቹ የሄዱት ነባሮቹ ስለናቋቸው ነው። ድህነት ብቻውን አያስረዳውም። እስቲ ሞግቱኝ።

ቡና ነጋዴው፦
ወንድሜ፣ ንቀት የምትለው ኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የተነካው ኪስ ነው። ፓርቲው ይበልጥ የሚመረጠው በምሥራቁ ነውና ከዚያ ልጀምር። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ የምሥራቅ ጀርመንን ፋብሪካዎች ወደ ግል የሚያዞር መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ ትሮይሃንድ ይባላል። 8,500 ገደማ ድርጅቶችን ተረከበ። ወደ 4 ሚሊዮን ሰው እንጀራው እዚያ ውስጥ ነበር። በ1994 መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ከድርጅቶቹ ገሚሱ ተሸጧል፣ ሲሶ ያህሉ በሩ ተከርችሟል።

ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። የቡና ዋጋ የወደቀ ዓመት ሠርግ ይተላለፋል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ገበሬው አባቱ የተከለውን ቡና ነቅሎ ጫት ይተክላል። እንዲህ የሆነ ሰው «የተፈተነ ፓርቲ» ብትለው ምን ይገባዋል? ፈተናውን የወደቀው ፓርቲው ነውና።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ግን ኪስ ቢሆን ኖሮ ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ ምን ሊሉን ነው? ሀብታሞቹ የምዕራብ ክልሎች ናቸው። እዚያም ከአምስት መራጭ አንዱ ገደማ ይህንኑ ፓርቲ መርጧል። ሲጀመርም የድሆች ፓርቲ አልነበረም። ከመሥራቾቹ ዋናዎቹ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ነበሩ፤ ቁጣቸውም ጀርመን ለግሪክና ለሌሎች ባለዕዳ አገሮች ገንዘብ ታወጣለች የሚል ነበር። በመጀመሪያው ምርጫ 4.7 በመቶ አግኝተው ፓርላማ መግቢያውን 5 በመቶ እንኳ አላለፉም።

ያሳደጋቸው 2015 ነው። በዚያ ዓመት 890 ሺህ ያህል ጥገኝነት ጠያቂ ጀርመን ገባ። በ2017 ፓርቲው 12.6 በመቶ ይዞ ፓርላማ ተቀመጠ። በስደተኛ ጥላቻ ላይ ነው የቆመው። እኛ ደግሞ የስደተኛ ወንድምና እህት ነን። ዘረኝነትን «ምሬት» ብለን ስሙን አንቀይርለት።

የአጂፕ ሰፈር፦
እኔ ቲክቶክን ረሳችሁት እላለሁ። ነባሮቹ ገና መግለጫ ሲጽፉ እነዚህ በግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ የልጆቹ ስልክ ውስጥ ገብተዋል።

የሂርማታ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ ያደርሳል። ግን ቲክቶክ የሚያደርሰው የሚሰማ ጆሮ ካለ ነው። ጆሮውን የከፈተው ምንድን ነው? እህታችን ከላይፕዚግ፣ አንቺ እዚያው ምሥራቅ ጀርመን ነሽ። ምን ታያለሽ?

ከላይፕዚግ፦
ሰላም ለናንተ። ከሥራ አሁን መግባቴ ነው፤ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ነው። ጠዋት ጠዋት የማጥባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ያንን ፓርቲ እንደሚመርጡ ራሳቸው ነግረውኛል። ስሰማ እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ።

ለምን አልኳቸው። ስለ ስደተኛ ይጀምራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የጀመሩት ግን ከፖስታ ቤቱ ነው። መንደራቸው ውስጥ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ሱቁ። ሐኪሙ ጡረታ ሲወጣ የሚተካው ጠፋ። አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ሆነ። ሁለቱም ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄደው እዚያው ቀሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም መጥቶ የጠየቃቸው የለም። ስደተኛው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለነሱ ቤትም ገንዘብም ሲገኝ በቴሌቪዥን አዩ። ያኔ ነው ቂም የያዙት።

አንቺን ማለቴ አይደለም፣ አንቺ ትሠሪያለሽ አሉኝ። ይህቺ ቃል ከሁሉም በላይ አመመችኝ። እየሠራሁ እስካለሁ ድረስ ሰው ነኝ ማለት ነው? ብታመም፣ ሥራ ባጣስ?

ስለዚህ የሕግ ተማሪዋ እህቴ እውነትሽን ነው፤ ዘረኝነት አለ፣ በየቀኑ በትራም ውስጥ አየዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ምሥራቁ ውስጥ ያለው የውጭ ሰው ከምዕራቡ በጣም ያነሰ ነው። ድምፁ ግን ከፍ ያለው ምሥራቅ ነው። ስደተኛ ብቻ ምክንያት ቢሆን የምዕራቧ ፍራንክፈርት ትብስ ነበር።

ጋሼ መምህር፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ፓርቲውን ስትጠሩት ስሙን አላፍታችሁትም። «አማራጭ» የሚለው ቃል ከሜዳ አልመጣም። የያኔዋ የጀርመን መራሂተ መንግሥት አንጌላ መርከል በዩሮ ቀውስ ጊዜ የሚወስዱትን እርምጃ «አማራጭ የሌለው» ይሉት ነበር። ቃሉ ብዙ ሰው ስላስከፋ በ2010 እዚያው ጀርመን የዓመቱ መጥፎ ቃል ተብሎ ተመርጧል። ሦስት ዓመት ሳይቆይ «አማራጭ አለ» የሚል ፓርቲ ተወለደ።

ይህን ከሌላ ነገር ጋር አያይዙት። መርከል 16 ዓመት ሲገዙ 12ቱን ዓመት የገዙት ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር ተጣምረው ነው። የቀኙ የሳቸው ክርስቲያን ዴሞክራቶችና የግራው ሶሻል ዴሞክራቶች፣ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ማለት ናቸው። በግራ የተቆጣ ሰው ግራውን ሲመርጥ መርከል፤ በቀኝ የተቆጣ ቀኙን ሲመርጥ ያው መርከል። ሰው ድምፁ ምንም እንደማይለውጥ የሚያምነው እንዲህ ሲሆን ነው። ምሥራቁ ላይ «ግራ» የተባለው ሌላ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ የቅሬታ ድምፅ መቀበያ ነበር። እሱም በቱሪንገን በ2014 የክልሉን መንግሥት መምራት ሲጀምር፣ ለተቆጣው ሰው ከነባሮቹ አንዱ ሆነ።

የሰፈራችንን እድር አስቡ። ሰው መዋጮውን ለዓመታት ይከፍላል፣ አያጉረመርምም። አንድ ቀን ሐዘን ይደርስበታል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ደንቡ ሁሉ ይሟላል። ዳኛው ግን ለቅሶ አልደረሰም። ያ ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ እድር ይገባል። አዲሱ እድር ገንዘብ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ መምህር፣ ምሳሌው ልቤን ነካው፤ ግን አያሳምነኝም። እድር የቀየረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። እዚህ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ ላይፕዚግ ያለችው እህታችን ናት።

ደግሞ ሁላችሁም መራጩን ያልበሰለ ልጅ እያደረጋችሁት ነው። ተናቀ፣ ተረሳ፣ ተታለለ። በሴፕቴምበር 2024 በቱሪንገን ይህ ፓርቲ 32.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በክልል ምርጫ አንደኛ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። የክልሉ የደኅንነት መሥሪያ ቤት እኮ ቅርንጫፉን በ2021 ነው የተረጋገጠ አክራሪ ብሎ የፈረጀው። ጋዜጣው ጽፏል፣ ሬዲዮው ተናግሯል። አውቆ የመረጠን ሰው አላወቀም ብንል እሱንም አላከበርነውም። ያው ምሬት ያለው ሌላው ሰው ደግሞ ሌላ መርጧል። በበርሊን በ2025 አንደኛ የወጣው የግራ ፓርቲው ነው።

የሂርማታ ልጅ፦
ይህን እቀበላለሁ። ምክንያቱን መናገር ጥፋቱን ማንሳት አይደለም። እኔ ንቀት ያልኩት ለምን በሩ እንደተከፈተ ለመናገር ነው። ማን እንደገባበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ የገባውም በእግሩ ነው።

ቡና ነጋዴው፦
ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰብል ጊዜ ቡና የሚያቀርቡልኝ ገበሬዎች ትተውኝ ወደ ሌላ ሰብሳቢ ሄዱ። ያ ሰው በኪሎ ከኔ ያነሰ ነበር የሚከፍለው። ተናደድኩ፣ ምስጋና ቢስ አልኳቸው። ኋላ አንድ ሽማግሌ እውነቱን ነገሩኝ። ሚዛኑ ላይ ልጅ ትቼ ከተማ መዋል ከጀመርኩ ሁለት ክረምት ሆኖኝ ነበር። ሰላም የሚላቸው የለም። እርጥብ ነው ተብሎ ሲመለስባቸው የሚከራከሩት ሰው የለም። ያኛው ግን ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣላቸዋል። ሚዛኑም ልክ እንዳልነበረ ያውቃሉ። እያወቁ ሄዱ።

እና እህቴ፣ አውቀው ነው ያልሽው እውነት ነው። ኪስ ብቻ ነው ያልኩትን ግን እመልሳለሁ።

ጋሼ መምህር፦
ቃልህን አከበርኩ። የግሪኩንም ላንሳና ልተው። ፓሶክ የተባለው ነባር ፓርቲ በ2009 ወደ 44 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ቀጥሎ የዕዳው ቀውስ መጣ፤ ደመወዝና ጡረታ ተቆረጠ። በጃንዋሪ 2015 ፓሶክ 4.7 በመቶ ቀረው። ሲሪዛ የሚባለው የግራ ፓርቲ በ36.3 በመቶ ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት ጁላይ አበዳሪዎች ያቀረቡትን ሐሳብ ይቀበል እንደሆነ መንግሥቱ ሕዝቡን በድምፅ ጠየቀ፤ 61 በመቶው እምቢ አለ። ከሳምንት በኋላ ያው መንግሥት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማማ። በ2019 ሰዉ ወደ ነባሩ የቀኝ ፓርቲ ተመለሰ። ሕዝበኛ ሁሉ ቀኝ አይደለም፣ የሄደ ሰው ሁሉም ሄዶ አይቀርም።

የአጂፕ ሰፈር፦
ታዲያ ነባሮቹ ምን ያድርጉ? የነዚያን ቃል ቢወስዱባቸውስ? ስለ ስደተኛ እነሱም ጠንከር ቢሉ?

የሕግ ተማሪዋ፦
ተሞክሯል። ከ2025ቱ የጀርመን ምርጫ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ስለ ስደት ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ በ«አማራጭ ለጀርመን» ድምፅ ታግዞ በፓርላማ አልፏል። ምርጫው ሲደርስ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ 28.5 በመቶ ይዘው አሸነፉ። ያኛው ግን ከ2021ዱ 10.3 በመቶ ወደ እጥፍ ወጣ። ቃሉን ስትዋስ ባለቤቱን ትክክል ነበር ብለህ ትመሰክርለታለህ።

ከላይፕዚግ፦
ስለ ሽማግሌው ልጨርስላችሁ። አሁን መንደራቸው ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም መምጣት ጀምሯል። የአካባቢው ምክር ቤት ነው የጨረሰው፤ ከነባሮቹ ፓርቲዎች የአንዱ ሰው ሮጦበታል። ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። ታዲያ በሚቀጥለው ምርጫ ይቀይራሉ? አልኳቸው። አልቀይርም አሉ። ለምን ስላቸው የባለቤታቸውን ስም ጠሩ። የሞተችው ሐኪም በሌለበት ዓመት ነው።

ምንም አልመለስኩም። ፎጣውን አቀበልኳቸው። እስካሁን ምን ማለት እንደነበረብኝ እያሰብኩ ነው። ነገ የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ቀን እተኛለሁ፤ ጻፉልኝ፣ ማታ አነባለሁ።