ከግሩፑ የወጣውን ጓደኛዬን እንዴት ልመልሰው?

ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅን 28 ዓመት ሆነን። ባለፈው ወር 19 የክፍል ልጆች በቴሌግራም ተገናኘን፤ ቀጥሎም በቪዲዮ ተደዋወልን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሬው ስለ ሹመት፣ ስለ ቤትና ስለ ልጆች ምረቃ ነበር። ድሮ ከሁላችን ይበልጥ ተጫዋች የነበረው ልጅ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቆየና በማግስቱ ከግሩፑ ወጣ።

አንድ ወር ታምሜ ስተኛ ኖት በእጁ እየገለበጠ ያመጣልኝ የነበረው እሱ ነው። ያለ እሱ አልመረቅም ነበር።

ደወልኩለት። «እናንተ የትናየት ደርሳችኋል፤ እኔ ምን አወራለሁ?» አለኝ። ለካ ሥራ ከፈታ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማናችንም አልጠየቅነውም፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ወዲህ «ናፍቀኸናል» ብዬ ሁለቴ ጻፍኩለት፤ አንብቦ ዝም አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እንደዋወላለን። ያዘንኩለት ሳይመስለው እንዲመለስ ምን ብዬ ልጥራው?