በረኪና እየተቀባም የሚመለስ ሻጋታ፤ መፍትሔው ቀለም ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመኝታ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ጥጉ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። በበረኪና ሲጠረግ ይጠፋና በሦስት ሳምንት ይመለሳል። እዚያው ግድግዳ ላይ ከወለሉ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ደግሞ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ እዚያ ግን ሻጋታ የለም። እርጥበት የሚከላከል ቀለም ሁለቱንም ይፈታል?

መልስ 1፦
ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት፤ ሁለት የተለያየ ችግር ይመስላል። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ወይም ከውጭ ገብቶ ከግድግዳው ሲተን ጨዉን ትቶ ይሄዳል። የጥጉ ግን ከክፍሉ አየር የሚመጣ ጤዛ ሳይሆን አይቀርም። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይሠራል። ቁም ሳጥኑ የክፍሉን ሙቀት ስለሚከልል ከጀርባው ያለው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሻጋታ ደግሞ ጠብታ እስኪታይ አይጠብቅም፤ የግድግዳው ገጽ 80 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ ከሰነበተ ይበቃዋል።

ለመለየት ሁለቱንም ቦታ በጨርቅ ያድርቁና በየቦታው 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ይለጥፉ። አራቱም ጠርዝ በፕላስተር በደንብ ይታሸግ፤ አየር ካስገባ ሙከራው ዋጋ የለውም። ከ48 ሰዓት በኋላ ውሃው በክፍሉ በኩል ከታየ ጤዛ ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው የመጣ ነው።

መልስ 2፦
በረኪናው የማያዋጣው ልስን ውሃ ስለሚመጥ ነው። ክሎሪኑ ላዩን ያነጣል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ ሻጋታውን ያጠጣዋል። በሳሙና ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁት። በደረቁ አይቦርሹ፣ ዘሩ ቤቱን ሙሉ ይበተናል። ጓንት፣ መነጽርና ኤን95 ማስክ ያስፈልጋል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በጭራሽ!

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ርካሽ ሃይግሮሜትር (የአየር እርጥበት መለኪያ) ይግዙና እርጥበቱን ከ60 በመቶ በታች ያቆዩ። ክፍሉ ውስጥ ልብስ የሚሰጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቁም።

መልስ 3፦
ስለ ታችኛው ልጨምር። ውጭ ያለው አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ አሸንዳውም ግድግዳው ሥር የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን በዝናብ ሰዓት ይዩ። ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ከቀቡበት ውሃው መተንፈሻ ስለሚያጣ ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ይወጣል፣ ቀለሙም ይነፋል።

ጠያቂ፦
አፈሩ ከተነሳ በኋላ ልስኑ መቼ ይታደስ?

መልስ 3፦
አይቸኩሉ። ግድግዳ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመድረቅ በግምት አንድ ወር ይፈልጋል። ጨው የበላው ልስን ግን አሁኑኑ ይፈርፈር፤ ጨዉ ራሱ ከአየር እርጥበት ይስባል።