ሊፍት ውስጥ መቀርቀርን በእንግሊዝኛ እንዴት ልግለጸው?

ስድስተኛ ፎቅ፦
ሰላም ወገኖች። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አምስት ሆነን ሊፍት ውስጥ እንዳለን መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። 20 ደቂቃ! አንዱ ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ይዟል፤ ሽታውን ተዉት።

ውጭ አገር ላለው አለቃዬ ያረፈድኩበትን ምክንያት ስጽፍ «ናሮው ሊፍት ውስጥ ነበርኩ» አልኩት። «ሊፍታችሁ እንደ ኮሪደር ነው እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ጠባብ ማለት ናሮው አይደል? ደግሞ «ጨነቀኝ ጠበበኝ» የሚለውን በምን ልተካው? «ኔርቨስ» ብዬ ማለፉ አንጀቴን አላራሰውም።

ጠመኔ፦
አለቃሽ እውነቱን ነው። የእኛ «ጠባብ» ብዙ ሥራ ደርቦ ይሠራል። መንገድ ሲጠብ ናሮው ነው። ጫማ ሲጠብ ታይት። ክፍል ሲጠብና መላወሻ ሲጠፋ ግን ክራምፕት። (ሲጻፍ መጨረሻው «ድ» ነው፤ አፍ ላይ «ት» ይሆናል።) የድሮው የዶሮ ማነቂያ ቅያስ ናሮው፣ እዚያ የነበረችው ሻይ ቤት ክራምፕት በይ።

አየሩ ሲታፈን ስታፊ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ሲጨመርበት ሳፎኬቲንግ።

ስታክ እና ትራፕት ላይ ተጠንቀቂ። ስታክ መቀርቀር ነው። መንገድ ሲዘጋጋም፣ የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ሲልም ስታክ ነሽ። ትራፕት ግን ከወጥመድ የመጣ ቃል ነው። መውጫ የለም፣ ፍርሃት አለበት። ለአለቃ «ስታክ ኢን ዘ ሊፍት» ይበቃል። ለጓደኛሽ ስታወሪ ትራፕት በያት።

የኋላ ወንበር፦
እኔ ከአራት ኪሎ መገናኛ በታክሲ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ ሊፍት ለእኔ ቅንጦት ነው 😂 ለሦስት ሰው ወንበር አራተኛ እየጫነ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል፣ እሱ ፓክት ላይክ ሳርዲንስ ነው። ጥጉ ላይ ተወትፌ «ወራጅ አለ!» ብዬ የሚሰማኝ ሳጣስ?

ጠመኔ፦
ሄምድ ኢን። «ሄም» የቀሚስ ቅምቅማት ነው። ዙሪያህን ቀምቅመውሃል ማለት ነው።

ማዶ ያለሁት፦
እንግሊዝ አገር ነው የምኖረው። እዚህ ትንሿን፣ የማትመቸዋን ክፍል ፖኪ ይሏታል። የእኔ ክፍል ፖኪ ናት፤ አልጋው ላይ ቆሜ ነው ቁምሳጥኑን የምከፍተው። አሜሪካ ግን ፖኪ ቀርፋፋም ማለት ስለሆነ ተጠንቀቁ። ክላውስትሮፎቢክ ደግሞ (ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ወይም በጥበቱ የሚያስጨንቅ) ለሰውም ለቦታም ይሆናል። ሊፍቱም አንቺም ክላውስትሮፎቢክ ልትባሉ ትችላላችሁ።

«ጨነቀኝ ጠበበኝ» ላልሽው፣ «ዘ ዎልስ ወር ክሎዚንግ ኢን ኦን ሚ» በይ። ግድግዳው እየተጠጋ መጣብኝ ነው። ሌላም ልንገርሽ። ከባድ ጭንቀትን የሚገልጸው አንግዊሽ የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ እዚያ ትርጉሙ «ጥበት» ነበር። እነሱም ሲጨንቃቸው ይጠባቸው ነበር ማለት ነው። ለሊፍት ግን አንግዊሽ አትበይ፣ ለቅሶ ቤት ያስመስልብሻል።

ስድስተኛ ፎቅ፦
ኑሩልኝ! ግድግዳዋን ላኩለት፤ «ኧረ አይዞሽ» አለኝ። ዛሬ በደረጃ ነው የወጣሁት። ቆይ፣ ቁና ቁና መተንፈስስ ምን ይባላል?

ጠመኔ፦
አውት ኦፍ ብሬዝ። መጀመሪያ ውኃ ጠጪ።