ከሆስፒታል ፋርማሲ ወደ አገር አቀፍ የመድኃኒት ጥናትና ፖሊሲ፦ ከየት ይጀመራል?

የግሽ ዓባይዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ያለሁ የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ፤ ቢፋርም (የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ)፣ አራት ዓመት ተኝቶ ታካሚ ክፍል። ወደፊት የትኛው መድኃኒት ይገዛ፣ የትኛው ይገደብ የሚለው በአገር ደረጃ የሚወሰንበት ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ማስተርሱ በምን ቢሆን ይሻላል? እስከዚያውስ እዚሁ ሆኜ ምን ዓይነት ጥናት ብሠራ ነው ከላይ ያሉት የሚያነቡት? የሴፍትሪያክሶን (በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ) አጠቃቀም አስቤያለሁ፤ ቢን ካርዱም (የመጋዘን ገቢና ወጪ መዝገብ) የዳጉ (የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) መረጃውም አለ።

ሞዴል 22
እኅቴ፣ ማስተርሱ ይቆየን፤ ሴፍትሪያክሶኑን እንያዝ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው «በዓመት ይህን ያህል ቫያል (የመርፌ ብልቃጥ) ወጣ» ብሎ ሲጽፍ ነው። አንዱ ቤት ባለ 1 ግራም፣ ሌላው ቤት ባለ 500 ሚሊ ግራም ስለሚገዛ ቫያል ለንጽጽር አይሆንም። ወደ ዲዲዲ፣ ማለት ለአንድ አዋቂ በቀን በአማካይ ወደሚታሰበው መጠን፣ ቀይሪው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴፍትሪያክሶን መርፌ ያስቀመጠው 2 ግራም ነው። ለምሳሌ በወር 2,400 ባለ 1 ግራም ቫያል ከወጣ፣ 2,400 ግራም ለ2 ሲካፈል 1,200 ዲዲዲ ይሆናል። በዚያው ወር ሕሙማን የተኙባቸው ቀናት ድምር 4,800 ከሆነ፣ በ100 የአልጋ ቀን 25 ዲዲዲ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጎንደርም ይዘውት ቢሄዱ፣ አዲስ አበባም ቢሄዱ ይነበባል።

የአልጋ ቀኑን ታዲያ «200 አልጋ በ30 ቀን» እያልሽ አታውጪው። ባዶ ያደረ አልጋ አይቆጠርም፤ የየቀኑን የተኝቶ ታካሚ ቆጠራ ከየዋርዱ ሰብስቢ።

ከዋናው መጋዘን በሞዴል 22 (በዕቃ ማውጫው ቅጽ) የወጣው ሁሉ ደግሞ በሽተኛ ጋ ደርሷል ማለት አይደለም። ሰኔ ላይ፣ ከበጀት መዝጊያው ቆጠራ በፊት፣ ዕቃ ከመጋዘን ወደ ክፍል ሲገፋ ፍጆታው ያለ ምክንያት ያበጠ ይመስላል። መነሻ ቀሪ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ መጨረሻ ቀሪ፣ ሲቀነስ የተመለሰና ጊዜው ያለፈበት፤ ይህን በየማደያ ክፍሉ ሥሪ። ድንገተኛ ክፍል የተሰጠውንም ለይተሽ አውጪ፤ አልጋ ያልያዘ ሰው መድኃኒት በክፍልፋዩ ከላይ ገብቶ ከታች የአልጋ ቀን ከሌለው ውጤቱ ይዛባል።

ዲዲዲ የተሰላው 70 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ ነው። የሕፃናትንና የጨቅላዎችን ክፍል ካስወጣሽ የአልጋ ቀናቸውንም አብረሽ አስወጪ። አንዱን አስወጥቶ ሌላውን መተው የተለመደ ጥፋት ነው።

ሌሎች አንቲባዮቲኮችንም ከጨመርሽ ሜትሮኒዳዞልን አደራ። በኤቲሲ (የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት መለያ ኮድ) ምደባ መርፌው ከአንቲባዮቲኮች ጋር ሲቀመጥ፣ እንክብሉ ከፀረ ፕሮቶዞዋ ጋር ነው ያለው። የአንቲባዮቲኮቹን ኮድ «ጄ01» የሚለውን ብቻ ከሳብሽ እንክብሉ ድምፁን ሳያሰማ ይቀራል።

የጣና ዳር ፋርማሲስት
ወዳጃችን ሞዴል 22 ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፍጆታ ወረደ ማለት አጠቃቀም ተሻሻለ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ስላለቀ ሊሆን ይችላል። ከየወሩ ጎን ያለቀበትን ቀን ጻፊ። በ60 ቀን 1,200 ቫያል ወጥቶ 20 ቀን ባዶ ከነበረ፣ ወርኃዊ አማካዩ 600 ሳይሆን 900 ነው፤ 1,200 ለ40 ቀን፣ ከዚያ በ30። አርአርኤፍ (የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ) ላይ ይህ ሳይታረም ሲቀር ከፍተኛው የ4 ወር ክምችት ከ3,600 ወደ 2,400 ይወርዳል፤ እጥረቱም ራሱን እየወለደ ይሄዳል። የመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ አልሰጠንም ብሎ ከማማረር በፊት የራስን ቅጽ ማየት ነው።

የወቅቱንም ነገር አትርሺ። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲበዛ አንቲባዮቲኩም አብሮ ይነሣል። የሦስት ወር መረጃ ይዞ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት አይቻልም። ገደብ ተጥሎ ለውጡን መለካት ከፈለግሽ ቢያንስ ከገደቡ በፊት 12 ወር፣ በኋላም 12 ወር ያዢ።

ደንብና መመሪያ
የላይኞቹ ስለ ቆጠራው ጥሩ ብለዋል፤ የሚያስኬደው ግን ቁጥሩ የት እንደሚላክ ማወቅ ነው። የመድኃኒት ጥራት፣ ምዝገባና የጎንዮሽ ጉዳት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ግዥና ሥርጭት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርና የሕክምና መመሪያ ጤና ሚኒስቴር። የሴፍትሪያክሶን አጠቃቀም መጀመሪያ የራሳችሁ ዲቲሲ (የሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ)፣ ቀጥሎ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ሚኒስቴሩ ነው የሚመለከተው፤ ለባለሥልጣኑ ብትልኪው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው።

«በዛ» ብቻ ግን በቂ አይደለም። ከዲዲዲው ጎን 100 ያህል የሕሙማን ካርድ ገልጠሽ ለምን እንደታዘዘ፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሆነ እዪ። ለቀዶ ሕክምና መከላከያ ተሰጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ የቀጠለው ስንት ነው? ዲቲሲ ሊያስቆመው የሚችለው ያንን ነው። ወጪውንም በብር አስቀምጪ፤ ሥራ አስኪያጅ ዲዲዲ ባይገባው ብር ይገባዋል።

ሴፍትሪያክሶን በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ «ዎች» ከሚባለው፣ ጥንቃቄ ከሚሻው ጎራ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተያዘው ግብ በ2030 በዓለም ደረጃ ከሚወሰደው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው «አክሰስ» ከሚባለው፣ በቅድሚያ እንዲታዘዝ ከሚመከረው ጎራ እንዲሆን ነው። ግቡ ግን ለሁሉም ፍጆታ እንጂ ለአንድ ሪፈራል ሆስፒታል አልወጣም፤ ጽኑ ሕሙማን የሚላኩበትን ቤት በ70 መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማስተርሱን በተመለከተ፦ ፖሊሲ ከሆነ ሐሳብሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ፋርማኮኤፒዲሚዮሎጂና ሶሻል ፋርማሲ (የመድኃኒትን አጠቃቀምና ውጤት በሕዝብ ደረጃ የሚያጠናው) ይቀርብሻል። ዶሴ (ለመድኃኒት ምዝገባ የሚቀርብ ሰነድ) መገምገምና ምዝገባ ከሆነ ሬጉላቶሪ አፌርስ (የመድኃኒት ቁጥጥር)። ክሊኒካል ፋርማሲ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የሚያወጣሽ ወደ ዋርድ ነው። ከክልል የተነሣ ሥራ አገር አቀፍ አይሆንም የሚል ካለ ኤፒቲኤስን (ለኦዲት የሚመች የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት) ያስታውስ፤ የተጀመረው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው።

የግሽ ዓባይዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ካርድ መግለጥ ካለ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል? የዲቲሲ የውስጥ ግምገማ ነው ብል አይበቃም?

ሞዴል 22
ለውስጥ ብቻ ከሆነ የዲቲሲ ቃለ ጉባኤና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ሊበቃ ይችላል። ልታሳትሚው ካሰብሽ ግን መረጃ ከመሰብሰብሽ በፊት ፈቃዱን አውጪ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ኤክሴልሽ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር አይግባ፦ የራስሽን ተራ ቁጥር ስጪ፣ ማመሳከሪያውን በወረቀት ለብቻው ቆልፊበት።