የአንጀት ካንሰር ጉበትን ዘሎ አከርካሪ ላይ ይወጣል?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነው። የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውና ኬሞ የጨረሱ እናት አሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ሌሊት ይብሳል። የሆድ አልትራሳውንድም፣ የደረትና የወገብ ራጅም ምንም አላሳየም። ቲቢ ነው ብዬ መድኃኒት ላስጀምር ወይስ ደሴ ልላካቸው?

ቶሳ ግርጌ፦
አብሽር፣ መጠርጠርህ ልክ ነው። የደንዳኔ ደም ቀድሞ የሚገባው ጉበት ስለሆነ ሥርጭቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይጀምራል። የታችኛው ሬክተም ደም ግን ከፊሉ ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብና ሳንባ ይሄዳል። በአከርካሪ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ደግሞ ቫልቭ (ደም ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ክዳን) የላቸውም፤ ሰው ሲያስል ወይም ሲያምጥ ከዳሌ የመጣው ደም ወደዚያ ይገፋል። ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም ጉበትና ሳንባ ንጹህ ሆነው አጥንት ሊያዝ ይችላል።

ንጹህ ራጅ አያዘናጋህ። ከአጥንቱ ማዕድን 30–50% ካልጠፋ ራጅ ላይ አይታይም። ሲኢኤ (የአንጀት ካንሰርን ለመከታተል የሚታይ የደም ምርመራ) ዝቅ ቢልም ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ያስፈልጋቸዋል፤ ሲታዘዝ ወገብ ብቻ ሳይሆን ሙሉ አከርካሪ ይባል።

ማይክሮስኮፕ፦
ያለ ናሙና የቲቢ መድኃኒት አይጀመር። ቲቢ ዲስኩን (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) አጥብቦ ሁለት አጎራባች አጥንቶችን መያዝ ይወዳል፣ ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ይተዋል። ግን በምስል ብቻ አትማል፣ ሁለቱም ሲያሳስቱ ይታያል።

ናሙናው ለሁለት ይከፈል፦ አንዱ 10% ፎርማሊን ውስጥ (መጠኑ የናሙናውን 10 እጥፍ) ለፓቶሎጂ፣ ሌላው ንጹህ ሳላይን ውስጥ ለጂን ኤክስፐርት (ፈጣን የቲቢ ምርመራ) እና ለካልቸር (ባክቴሪያውን ለማሳደግ)። የተለመደው ጥፋት ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው፤ ባክቴሪያው ይሞትና ካልቸር የሚባል ነገር አይኖርም። መጠየቂያው ላይ «የሬክተም ካንሰር ነበረባቸው» ብለህ ጻፍ፣ የድሮው ብሎክም (ከቀዶ ሕክምናው በሰም ውስጥ የተቀመጠው ናሙና) አብሮ ይላክ። ይህ ካልተጻፈ መልሱ «አዴኖካርሲኖማ (ከዕጢ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር)፣ መነሻው አልታወቀም» ብቻ ሆኖ ይመጣና ሌላ ወር ይባክናል። የካንሰሩን መነሻ ከሚጠቁሙት የፓቶሎጂ ቀለሞች ሲኬ20 እና ሲዲኤክስ2 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ7 ኔጋቲቭ ከሆነ ከአንጀት የመጣ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ቶሳ ግርጌ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እግር ከዛለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ቀን ይላኩ። ህብለ ሰረሰሩ ወይም ከሥሩ ያሉት ነርቮች እየተጨፈለቁ ሊሆን ይችላል። በካንሰር ከሆነ ዴክሳሜታዞን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) በቀን 16 ሚሊግራም የተለመደ ነው፤ ስኳራቸው ይታይ፣ የጨጓራ መከላከያም ይጨመር። በሚኒባስ ተቀምጠው የሐረጎን ዳገት እንዳይወጡ፤ አምቡላንስ ውስጥ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ይተኙ።

ለሕመሙ ጨረር ካስፈለገ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ። 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በአንድ ጊዜ መስጠት ለሕመም ማስታገሻነት በብዙ ቀን ከፋፍሎ ከመስጠት አያንስም፣ ስለዚህ ከወሎ ለሚሄድ ሰው መመላለሱን ይቀንሳል። ከጨረሩ በኋላ ሕመሙ ለአንድ ሁለት ቀን ሊብስ እንደሚችል ቀድሞ ይነገራቸው።

ቦርከና፦
እግራቸው ደህና ነው፣ ሽንትም አለ። እምብርታቸው ላይ ግን ጠንካራ ትንሽ እብጠት አለች፤ ሄርኒያ መስላኝ ነበር።

ማይክሮስኮፕ፦
ሲጫኑት የማይገባ ጠንካራ ከሆነ እሱም ሥርጭት ሊሆን ይችላል። ከአጥንት ይልቅ ከዚያ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ በጣም ይቀላል። ከእሱ ጀምር።